ገበሬው የባሌ ጦጣን እንዳይገድላት ምን ብለን እናውራው?

ናቲ ሐዋሳ
ሰላም ጓዶች፣ እኛ ሐዋሳ የተፈጥሮ ክበብ ነገር አለችን፣ እና ሀገረ ሰላም አልፈን ደጋው ላይ ስለ ባሌ ጦጣ ከገበሬዎች ጋር ልናወራ አስበናል። ለማታውቋት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም፣ ኑሮዋ ቀርከሃ ውስጥ ነው፣ አሁን ግን ደኑ ተቆራርጦ እርሻ መሀል ቀርታለች፣ ሰብል ውስጥ ስትገባ ደግሞ ያሳድዷታል፣ ይገድሏታል። ፖስተር አሳትመናል ስልጠና ቢጤም አዘጋጅተናል፣ አንዱ ጓደኛችን ግን ይስቁባችኋል አለን። እውነት ነው እንዴ?

የደጋው ልጅ
ጓደኛህ ልክ ነው 😂 እኔ እዛው ነው ያደግኩት፣ እሸት ሲደርስ ማሳ የሚጠብቀው ማን መሰለህ፣ ልጅ ነው። ትምህርቱን ትቶ ወንጭፉን ይዞ ዳር ላይ ይውላል፣ ጦጣዋ ደግሞ ቂል አይደለችም፣ ልጁ ምሳ ሊበላ ዞር እስኪል ጠብቃ ነው የምትገባው። እና አንተ ቲሸርት ለብሰህ መጥተህ ብርቅዬ ናት ስትለው አባትየው ምን ይበልህ? መጀመሪያ ጠይቅ፣ የማን ማሳ ነው የሚጎዳው፣ በየትኛው ወር፣ ማን ይጠብቃል። ጣጣውን የሚሸከሙት ደን ጥግ ያሉት ጥቂት ቤቶች ናቸው፣ ስብሰባ ላይ አፍ የሚከፍተው ግን መሀል ሰፈር ያለው ነው።

ማርታ ቢ
ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል መናፈሻ ብትጀምሩስ? ሰው ለፎቶ ብሎ ሙዝና ኦቾሎኒ እያጎረሰ ጦጣዎቹን ቀማኛ አደረጋቸው፣ የህፃን እጅ ላይ ያለ ብስኩት ሳይቀር ይነጥቃሉ። ከተሜው ያስለምዳል፣ ገበሬው ታገስ ይባላል። አይ እኛ!

የመንዙ
@ናቲ ስለ መንዝ ጓሳ አንብብ፣ ሰሜን ሸዋ ያለው የደጋ ሣር ምድር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል የአካባቢው ሥርዓት ነበር፣ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ለቤት ክዳን ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ማንም ለጭላዳ ብሎ አልጠበቀውም፣ ለሣሩ ነው፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አብረው ተረፉ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ኋላ ላይ ግን ህዝቡ ራሱ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መለሰው። እናንተ ጋ ደግሞ ቀርከሃ አለ፣ ቤትም አጥርም ቀፎም ከሱ ነው የሚሠራው። ወሬውን ከዛ ጀምሩ፣ መቼ ይቆረጥ፣ ማን ይቁረጥ በሉ።

የደጋው ልጅ
የመንዙ ያለው ይመቸኛል፣ ግን ቀርከሃ እንትከል ብላችሁ ማሳ ዳር እንዳታስተክሉ አደራ፣ ጦጣዋን እራት መጥራት ነው። ባሌ ኦዶቡሉ ደን ላይ ሲጠና ከምግቧ ሦስት አራተኛ ገደማው ቀርከሃ ነው፣ በተለይ ለጋው ቅጠል። ወንዝ ዳር፣ ከእርሻ ራቅ ይበል።

ናቲ ሐዋሳ
እሺ ፖስተሩን ትተነዋል፣ ሶንጎ ላይ፣ ማለት የሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎቹን ብናናግርስ? ቅዳሜ ልንወጣ ነበር።

የደጋው ልጅ
ሶንጎው ጥሩ ነው፣ ግን ደን ጥግ ያሉትን እናቶች ለብቻ አናግሯቸው፣ ልጁን ለጥበቃ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ቀኑን ደግሞ ቀድማችሁ አጣሩ፣ ገበያ ከዋለ ቤት የሚጠብቃችሁ ውሻ ብቻ ነው። አበል ትከፍላላችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም፣ የለም ከሆነ እዛው መጀመሪያ ላይ በሉት።