በእውነት የዶፒንግ (የተከለከለ ማበረታቻ) ምርመራ ያለበት የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን የቱ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ብረት ማንሳት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆኖኛል፣ 82 ኪሎ ነኝ፣ በፓወርሊፍቲንግ ሶስቱ ማንሻዎች ስኳት 190 ቤንች 120 ዴድሊፍት 230 ኪሎ ደርሻለሁ። አምና አንድ ውድድር ገብቼ ምርመራ የሚባል ነገር እንደሌለበት ያወቅኩት ለመመዘን ተሰልፌ እያለ ነው፣ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ስለሚወጉት መርፌ በግልጽ ነበር የሚያወሩት። በሰው ህይወት አልገባም ግን ከነሱ ጋር አንድ ውጤት ላይ መሰለፍ አልፈልግም፣ በጣም ነው የከፋኝ። የቱ ጋ ልመዝገብ? ደሞ አንድ ቀን የዓለም ሻምፒዮና ብመኝ መንገዱ በየት ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ የዓለም ሻምፒዮና የሚል ስም ብዙ ፌዴሬሽን አለው፣ ስሙን አትይ። የዋዳን (የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲን) ህግ ፈርሞ የሚሰራው አይፒኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ወደሱ የሚያስገባህ ደሞ ፓወርሊፍቲንግ አሜሪካ። ድሮ በሩ ዩኤስኤፒኤል የሚባለው የአሜሪካ ፌዴሬሽን ነበር፣ እሱ ራሱ መነሻው በ1981 ከዶፒንግ ነጻ እንወዳደር ያሉ ሰዎች ያቋቋሙት ማህበር ነው፣ ግን 2021 ላይ አይፒኤፍ አባረረው። ሰው ይሄን ሲሰማ አትሌቶቹ ስለወሰዱ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ጭቅጭቁ የምርመራው አሰራር ላይ ነበር፣ ናሙናው ዋዳ እውቅና ወደሰጠው ላቦራቶሪ ብቻ ይሂድ ወይስ ረከስ ባለ ላቦራቶሪ ብዙ ሰው እንመርምር የሚል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ጋ ለመጀመሪያ ውድድር ሰላም ነው እላለሁ። ዩኤስፒኤ የሚባል ሌላ ፌዴሬሽን ደሞ ምርመራ ያለውም የሌለውም ምድብ አለው፣ ስትመዘገብ አይተህ ምረጥ።

መልስ 2፦
እኔ ተመርምሬ አውቃለሁ ልንገርህ። ዴድሊፍት እንደጨረስኩ አንዲት ሴት መጥታ ተመርጠሻል አለችኝ፣ ከዛ ሽንት እስክሰጥ ድረስ ከአይኗ አልጠፋሁም፣ ሽንት ቤትም አብራኝ ገብታ እያየች ነው የሰጠሁት። ናሙናው ሁለት ጠርሙስ ይከፈላል ኤ እና ቢ፣ ኤው ችግር ካሳየ ቢው እንዲከፈት መጠየቅ ትችላለህ። ያሳፍራል ግን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። በጣም የምትጠነቀቀው ሰፕሊመንት ነው፣ ፕሪወርካውት (ከልምምድ በፊት የሚወሰድ ማነቃቂያ) ውስጥ ጣሳው ላይ ያልተጻፈ ነገር ተገኝቶ የተቀጡ አሉ፣ አላወቅኩም ብትል ሰውነትህ ውስጥ እስከተገኘ ድረስ ተጠያቂው አንተ ነህ። በሃኪም የታዘዘ መድሃኒት ካለህም ቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ ከውድድሩ በፊት ሀገር ቤት እሄዳለሁ፣ ድሬዳዋ ያሉት ዘመዶቼ ደሞ በርጫ ላይ እንዴት አትቀመጥም ይላሉ። ጫትም ይቆጠራል እንዴ?

መልስ 1፦
ይቆጠራል! ጫት ውስጥ ያሉት ካቲንና ካቲኖን የዋዳ ዝርዝር ላይ ስማቸው አለ፣ ካቲን ሽንት ውስጥ በ1 ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ጥፋት ነው። ክልከላው የውድድር ጊዜ ነው፣ የሚቆጠረው ከዋዜማው እኩለ ሌሊት አካባቢ ጀምሮ ነው፣ ግን ሰውነትህ በስንት ሰዓት እንደሚያስወጣው ሂሳብ እየሰራህ አትቃም። አሜሪካ ይዘህ መግባትማ ራሱ ወንጀል ነው። ዘመዶችህን ውድድር አለብኝ በላቸው፣ ተቀመጥ ተጫወት ግን አትቅመስ። ቡናውን እስከ ሶስተኛ ጠጣ፣ ካፌይን ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ወጥቷል።