የጋራ መሣሪያ ግዢ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የተሰጠ የአባላት ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን ለወረዳው የሚያቀርበው የዚህ የጥያቄ ረቂቅ ዓላማ አንድ ነው። እያንዳንዳችን ርካሽ የብየዳ ማሽንና ግራይንደር (የብረት መቁረጫና ማለስለሻ) እየገዛን ከምንጥል፣ የጋራ መለኪያ አውጥተን ጠንካራዎቹን በካፒታል ዕቃ ሊዝ፣ ማለትም አከራይ ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ሰጥቶን ቀስ በቀስ በምንከፍልበት ኪራይ፣ እንውሰድ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የተቃጠለን ማሽን በሌላ የመተካት አቅም የለንም። ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ አሉሚኒየም ክፍል ቃል ገብቷል።

ብየዳ ክፍል፦ መለኪያው በምርቱ ስም ሳይሆን በሥራው ይጻፍ። በማሽኑ ላይ 300 ተብሎ ስለተጻፈ ያን ያህል አምፔር ይሰጣል ማለት አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሳያርፍ ይበይዳል የሚለው ነው። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 140 አምፔር ስለሚፈልግ፣ በ160 አምፔር 6 ደቂቃ የሚዘልቅ ማሽን ለበርና ለመስኮት ይበቃናል። ለግራይንደሩም እንደ ካርቦንና ኩሽኔታ ያለው መለዋወጫ መርካቶ መገኘቱ ከዋስትና ወረቀቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

እንጨት ሥራ፦ ርካሹን ሁሉ አትኮንኑ፤ አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ሰው ይበቃል። ይልቅ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ይሆናል?

ጸሐፊ፦ ቁልፉ ከግዢው በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

እንጨት ሥራ፦ አይደለም። የቀድሞው የጋራ መቁረጫ እንዴት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ያን ጊዜ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ሌባ ልትለኝ ከሆነ በጉባኤ ፊት በግልጽ ተናገር፤ አለዚያ ቃልህን አንሣ።

እንጨት ሥራ፦ ሌባ አላልሁም። ክፍያው እስኪያልቅ የማሽኑ ባለቤት አከራዩ ድርጅት ስለሆነ፣ ቢጠፋ ዕዳው በሁላችን ላይ ይወድቃል ነው ያልሁት።

ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ይብቃ። ሁለት ቁልፍ ይደረግ፤ አንዱ በገንዘብ ያዥ፣ ሌላው በየወሩ በሚቀያየር አባል እጅ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የተቀጠረ ጠባቂ ካልኖረ አንዱንም ቁልፍ አልረከብም።

እንጨት ሥራ፦ ለጠባቂ የምንከፍል ከሆነ አሁን ያለው የቆርቆሮ ክፍል አይበቃም፤ ለወረዳው የምናቀርበው ጥያቄ የመጋዘን ቦታንም ይጨምር።

ብየዳ ክፍል፦ ስለ ቁልፍ ይህን ያህል ስንጽፍ ዲስክን ያነሣ የለም። 115 ሚሊ ሜትሩ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ለዚህ ፍጥነት ያልተሠራ ወይም ጊዜው ያለፈበት ርካሽ ዲስክ ከፈነዳ ዓይን ያጠፋል። የፍጥነት መጠንና የአገልግሎት ማብቂያ ያልታተመበት ዲስክ እንዳይገዛ በረቂቁ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አሻሽያለሁ። አንደኛው ጥያቄ የመጋዘን ቦታ፣ ሁለተኛው የጠባቂ ደመወዝ ሆኗል፤ የማሽኑ መለኪያ በአባሪ ይያያዛል። አሉሚኒየም ክፍል ስለ ፕሮፎርማው እስካሁን መልስ አልሰጠም፤ ስልክም አያነሣም።

ብየዳ ክፍል፦ መለኪያው ወደ ዋናው ገጽ ካልተመለሰና ዲስኩ ካልተጻፈ አልፈርምም።