ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ሲመጣ ኮዴ እምቢ ይላል፣ ምን ላርግ?

የጦሳው ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ ከደሴ ነኝ። ሊስፕ መሰል (ምልክቱ ከቁጥሮቹ በፊት የሚጻፍበት) ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ በፓይተን እየሠራሁ ነው። ጽሑፉን ቆራርጦ ወደ ሊስት የሚቀይረው ክፍል አልቋል። (+ 2 3) ስሰጠው 5 ይለኛል። (+ 2 (* 3 (- 10 4))) ስለው ግን ቁጥርና ሊስት አይደመርም ብሎ ይጮኻል። ለአንድ ደረጃ አንድ ኢፍ ጨመርኩ፣ ለሁለተኛው ሌላ፣ እንዲህ እያልኩ የት ልደርስ ነው? ሪከርዥን (ፋንክሽን ራሱን መልሶ እንዲጠራ ማድረግ) ተጠቀም ይሉኛል። ፋክቶሪያል ላይ ገብቶኛል፣ እዚህ ጋ ግን ወላሂ ዞረብኝ።

ከቦርከና ማዶ፦
ወንድሜ፣ ኢፎቹን በሙሉ አጥፋቸው። ቅንፉ ስንት ደረጃ እንደሚገባ መቁጠር ያንተ ሥራ አይደለም። ፋንክሽንህን «አስላ» እንበለው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የመጣልኝ ቁጥር ነው ወይስ ሊስት? ቁጥር ከሆነ እንዳለ ይመልሰዋል፣ አለቀ። ሊስት ከሆነ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ የቀሩትን አንድ በአንድ መልሶ ለራሱ ለ«አስላ» ይሰጥና የተመለሱለትን ቁጥሮች ይደምራል ወይ ያባዛል። ያንተ ኮድ ውስጥ (* 3 (- 10 4)) ሳይሰላ ነው ድምሩ ላይ የደረሰው።

በወረቀት ሂድበት። + አለ፣ 2 ያው 2 ነው። ቀጥሎ ሊስት ሲገጥመው ድምሩን ባለበት አቁሞ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እዚያም 3 አለ፣ ከሱ ጎን ሌላ ሊስት፣ ስለዚህ ማባዛቱም ይጠብቃል። (- 10 4) ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ 6 ይዞ ይወጣል። 3 በ6፣ 18። 2 ሲደመር 18፣ 20። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ መልሶ እንደመውጣት ነው፣ የወረድክባቸውን ኩርባዎች ከታች ጀምረህ በተራ ታገኛቸዋለህ።

ሐይቅ ዳር፦
ስታክ (ያላለቀው ሥራ ተደራርቦ የሚጠብቅበት) ይዞ በሉፕ አይሻልም? ፓይተን እኮ ካልነካካኸው ሪከርዥኑን 1000 ላይ ነው የሚያቆመው።

ከቦርከና ማዶ፦
ይሠራል። ግን 1000 ቅንፍ የሚከፍት ሰው ካለ ችግሩ ሌላ ነው 😂 በሉፕ ስትጽፈው ስታኩን ራስህ ትሸከማለህ፣ በሪከርዥን ፓይተን ይሸከምልሃል። መጀመሪያ ይግባው፣ ሉፑ ይደርሳል።

የባቲዋ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። «ሁሉንም ቀድመህ አስላ» የሚለው ለኢፍ አይሆንም። ቋንቋህ ላይ (ከሆነ (= ሀ 0) 0 (/ 10 ሀ)) ብለህ ብትጽፍና ሀ 0 ቢሆን፣ ሁለቱንም ካሰላህ ለ0 ማካፈል ውስጥ ገብተህ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል «ከሆነ» መሆኑን ቀድመህ እይ፣ ጥያቄውን ብቻ አስላ፣ ከዚያ ከሁለቱ አንዱን። ነገሩ አዲስ አይደለም። የሊስፕ ፈጣሪ ጆን ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ሊስፕን በራሱ በሊስፕ ሲያሰላ ይህን ለብቻው ነው ያስቀመጠው። ያንን በወረቀት የነበረ ፋንክሽን ወስዶ አይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ ያስኬደው ስቲቭ ራስል ነው።

የጦሳው ልጅ፦
20 አለኝ!! ኑሩልኝ። ሀ ግን ዋጋው የት ይቀመጣል?

የባቲዋ፦
ዲክሽነሪ (ስምን ከነዋጋው የሚይዝ) ውስጥ። «አስላ» ኤክስፕሬሽኑንም ዲክሽነሪውንም ይቀበል፤ ቁጥርም ሊስትም ያልሆነ ስም ሲመጣ እዚያ ይፈልገው። ራሱን ሲጠራም ዲክሽነሪውን ያስይዘው፣ አለዚያ የውስጠኛው ቅንፍ ሀን አያውቀውም።