በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአእምሮ ሕመምን መገለል መታገል፦ ዕቅዳችንን እዩልን

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። አሥራ ሁለት ሆነን የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኞች ነን። አምስታችን በአእምሮ ሕመም ያለፍን ወይም አሁንም መድኃኒት የምንወስድ፣ ሦስቱ አስታማሚ ቤተሰቦች፣ የቀሩት ደጋፊዎች ናቸው። አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በሳምንት 30 ደቂቃ ለ13 ሳምንት ሰጥቶናል። ዕቅዳችን በየሳምንቱ አንድ ሐኪም ጋብዘን የአንድን ሕመም ምልክትና ሕክምና ማስረዳት፣ ከዚያ ለአድማጭ ስልክ መክፈት ነው። ይህ አቀራረብ የሰውን አመለካከት ይለውጣል? ታሪካቸውን የሚናገሩ አባሎቻችንንስ ከጉዳት እንዴት እንጠብቅ? ቀጥታ ስልክ አደገኛ ነው የሚሉንም አሉ።

መልስ 1፣ የአእምሮ ጤና ነርስ

ያቀዳችሁት ጥሩ የጤና ትምህርት ነው፤ መገለሉን ግን ብዙም አይነካውም። የሕመሙን ምልክቶች አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሰው ያው ሕመም ላለበት ሰው ቤት አላከራይም ሊል ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓትሪክ ኮሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ 72 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። አዋቂዎችን ይበልጥ የለወጠው በሕመሙ ካለፈ ሰው ጋር መገናኘት ነው፤ ለታዳጊዎች ግን ትምህርቱ በልጧል። ፊት ለፊት መገናኘት ደግሞ ከቪዲዮ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሬዲዮው ብቻውን አይበቃችሁም። ከየሥርጭቱ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሰው የሚሆን የአድማጮች ስብስብ አዘጋጁና የዕለቱ ተናጋሪ በአካል ተገኝቶ ይወያይ።

ከሁሉ በላይ ግን ፕሮግራሙን የሚመራው ማን እንደሆነ አስቡበት። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩል ደረጃ ሲገናኙ ነው። ጋዜጠኛው ሐኪሙን «እርስዎ» እያለ በሕመሙ ያለፈውን ሰው «አንተ» ካለው፣ አድማጩ ገና አንድ ቃል ሳይብራራለት ማን ክቡር ማን ምስኪን እንደሆነ ተነግሮታል። ለሁሉም «እርስዎ» በሉ፤ ካልሆነም ለሁሉም «አንተ»፣ «አንቺ»። የምመርጠው ግን ከአምስታችሁ አንዱ አዘጋጅ ሆኖ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ነው። ጥያቄውን የሚያነሳው ሰው የውይይቱ ባለቤት ነውና።

ስለ ተናጋሪው ምርጫ፦ እጅግ የተሳካለትን ሰው ብቻ ካቀረባችሁ አድማጭ «እሱማ የተለየ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕመሙ በጠናበት ሰዓት ላይ ብቻ ያተኮረ ታሪክ ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናል። ሥራ የሚሠራ፣ መድኃኒቱ አንዳንዴ የሚያደክመው፣ መጥፎ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ተራ ሰው ፈልጉ። ከታሪኩ ሩቡ ስለ ሕመሙ፣ ሦስት አራተኛው ምን እንደረዳው፣ ማን እንደጎዳውና አሁን እንዴት እንደሚኖር ይሁን።

ደግሞም «እንደማንኛውም የአካል በሽታ ነው፣ የአንጎል ኬሚካል ጉድለት ነው» የሚለውን መልእክት ዋና መፈክር አታድርጉት። ታማሚውን ከመውቀስ ያድናል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕመሙን የማይድንና ከሰውየው የማይለይ አስመስሎ ሰዎች እንዲርቁት ሊያደርግ እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚሻለው፣ ሕክምና እንዳለና ሰው ሠርቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ እንደሚኖር ማሳየት ነው።

ቃላት፦ «እብድ»፣ «ንክ»፣ «ወፈፌ»፣ «ጨርቁን የጣለ» በሥርጭቱ አይግቡ፤ በቀልድ መልክም ቢሆን። «ስኪዞፍሬኒክ» ከማለት «ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው» በሉ። ተናጋሪው ራሱን በፈለገው ስም ቢጠራ ግን አታርሙት፤ ሕይወቱ የእሱ ነው። የተሳሳተ እምነትን በርዕስነት አትጠቀሙ። «የአእምሮ ሕመም ይተላለፋል?» የሚል ማስታወቂያ ስሕተቱን ብቻ ሲያስታውስ ይኖራል፤ እውነቱን በቀጥታ ተናገሩ።

መልስ 2፣ የሬዲዮ ቴክኒሽያንና አዘጋጅ

በነርሷ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ወደ ስቱዲዮው ልግባ።

30 ደቂቃ ስትባሉ በእጃችሁ ያለው 27 ገደማ ነው፤ የጣቢያው መለያ፣ መግቢያና መውጫ ሙዚቃ የቀረውን ይወስዳሉ። እንዲህ ክፈሉት፦ 2 ደቂቃ መግቢያ፣ 12 ደቂቃ አስቀድሞ የተቀዳ የተናጋሪው ጭውውት፣ 3 ደቂቃ የባለሙያ መልስ፣ 8 ደቂቃ አድማጭ፣ 2 ደቂቃ እርዳታ የት እንደሚገኝ። የታሪኩን ክፍል በቀጥታ ሥርጭት አታስገቡ። ከሳምንት በፊት ቅዱት። ሰው ሲጨነቅ ሊናገር ያላሰበውን ይናገራል፤ ቀጥታ ከሆነ መመለሻ የለውም።

ቀረጻው ስቱዲዮ ባይሆንም ይሆናል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ትንሽ ክፍል፣ ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ገደማ ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ (ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ይፈነዳሉ)፣ የድምፅ መጠኑ ከፍ ሲል ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች። ድምፁን በማይጨምቀው የ«ዌቭ» ቅርጸት አስቀምጡ፤ ስልክ ላይ የተጨመቀ ፋይል እንደገና ሲጨመቅ ድምፁ ይሻክራል። ከመነሳታችሁ በፊት የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው እሱ ነው። ማራገቢያና ማቀዝቀዣ አጥፉ። ስልኮችን ዝም ማሰኘት ብቻ አይበቃም፤ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ካሉ በመስመሩ ላይ ያንዘረዝራሉ፤ ከክፍሉ ይውጡ።

ስሙ እንዲደበቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ድምፁን በማሽን አታጉርምርሙት። አንደኛ፣ አንዳንዱ ለውጥ ተመልሶ ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተጎረነነ ድምፅ ወንጀለኛ ያስመስለዋል፤ መገለልን ልትዋጉ ወጥታችሁ ታሰፉታላችሁ። ቃሉን ሌላ ሰው ያንብበው፣ ይህንንም በአየር ላይ ተናገሩ። ሥራ፣ የልጆች ቁጥርና ሰፈር ሦስቱ አንድ ላይ ከተነገሩ ስም መደበቁ ዋጋ የለውም፤ በትንሽ ቦታ ሦስት ዝርዝር ማንንም ያሳውቃል።

ስልኩን በተመለከተ፦ አደገኛ የሚሆነው ያለ ዝግጅት ከተከፈተ ነው። ሥርጭቱን 7 ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ጣቢያው ካለው ይብራ፣ አንድ ሰው እጁን ከማጥፊያው ቁልፍ አይለይ። ከሌለ ማንንም በቀጥታ አታስገቡ። ከአየር ውጪ ያለ ተቀባይ ስልኩን ያንሳ፣ ምን ሊል እንደፈለገ ይጠይቅ፣ ቁጥሩን ይዞ መልሶ ይደውል። ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ቢደውል ወደ አየር አይገባም፤ ተቀባዩ አይዘጋበትም፣ በሌላ መስመር የሚጠብቀው ባለሙያ ይረከበዋል። ይህ ባለሙያ እንግዳው ሐኪም መሆን የለበትም፤ እሱ ማይክሮፎን ላይ ነው።

መልስ 3፣ የዘመቻ አስተባባሪ

ከላይ ያሉት ያልነኩት ፈቃድን ነው። አንድ ጊዜ የተፈረመ ወረቀት አይበቃም። ሦስት ጊዜ ጠይቁ፦ ከቀረጻው በፊት፣ የተቆረጠውን ካዳመጠ በኋላ፣ በሥርጭቱ ዋዜማ። በሦስቱም ጊዜ «አይሆንም» ማለት ይችላል፤ ምክንያት አይጠየቅም። ለዚህም አንድ የተዘጋጀ ተጠባባቂ ዝግጅት ምን ጊዜም ይኑራችሁ፤ አለበለዚያ ባዶ ሰዓት ፈርታችሁ ሰውየውን ትጫናላችሁ። ከተሰራጨ በኋላ መመለስ እንደማይቻል፣ ማንም ቀድቶ በስልክ ሊያዛምተው እንደሚችል በግልጽ ንገሩት። የሥራ ቦታው ቢሰማ፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ አብራችሁ ተለማመዱ። ሕመሙ ገና ባልሰከነበት ወቅት አትቅዱ። ከሥርጭቱ ማግስት ደውሉ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ድገሙት፤ ጸጸቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ለሐኪሙ መጓጓዣ ከተከፈለ ለተናጋሪውም ያው መጠን ይከፈል።

ራስን ስለማጥፋት ካነሳችሁ ዘዴውን፣ ቦታውንና የተተወ ደብዳቤን አትግለጹ፤ በአንድ ምክንያት ብቻ «በዚህ ሳቢያ» አትበሉ። «ሙከራው አልተሳካም» የሚለው አነጋገር ሞትን ስኬት ያደርገዋል፤ «በሕይወት ተርፏል» በሉ። ይህ ጨዋነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የባለሙያዎች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ ጋዜጦች የባቡር ጣቢያ ሞቶችን አዘጋገብ ሲለውጡ፣ በዚያ የምድር ውስጥ ባቡር ራስን ማጥፋት በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች ያዘጋጀው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሷል፤ ለጣቢያው ሰዎች በሙሉ አሰራጩት፣ በተለይ ለዜና ክፍሉ። የእናንተ ፕሮግራም ሐሙስ የገነባውን የዓርብ ዜና «እብድ ሰው ገደለ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

ከመጀመሪያው ሥርጭት በፊት ወደምትልኩበት የጤና ተቋም ሂዱ። በየትኛው ቀን ነው የአእምሮ ጤና ክፍሉ የሚሠራው? በቀን ስንት አዲስ ሰው ያያል? መድኃኒት አለ? ድፍረት አግኝቶ የሄደ ሰው በር ተዘግቶ ካገኘ ዳግመኛ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል። የምታስተዋውቁትን ስልክ ቁጥር በዋዜማው፣ ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት ሰዓት ደውላችሁ ሞክሩ።

ለውጡን ለመለካት የአድማጭ ብዛት አይጠቅምም። አራት ጥያቄ ያዙ፦ የአእምሮ ሕመም ካለበት ሰው ጋር አብረህ ለመኖር፣ አብረህ ለመሥራት፣ በጉርብትና ለመኖር፣ ወዳጅነትህን ለመቀጠል ፈቃደኛ ነህ? እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፤ ድምሩ ከ4 እስከ 20። ከመጀመራችሁ በፊት 60 ሰው ጠይቁ፣ ከ13ኛው ሳምንት በኋላ ያንኑ 60 ሰው። ሥርጭቱ ከማይደርስበት ቦታም ሌላ 60 ጠይቁ፤ ካልሆነ ለውጡ የእናንተ ይሁን የዘመኑ አታውቁም። የሚጠይቀው ሰው የቡድኑ አባል አይሁን፤ ሰው ለእንግዳው ደስ የሚለውን ይመልሳል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕቅዱን ከሥሩ ልናስተካክለው ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። የጣቢያው ኃላፊ «ሐኪም ሳይኖር የአእምሮ ሕመም በአየር ላይ አይወራም» ብለዋል። አባሎቻችን ሊመሩት እንደሚችሉ እንዴት እናሳምናቸው?

መልስ 1፣ የአእምሮ ጤና ነርስ

ኃላፊው የሚፈሩት የተሳሳተ የሕክምና ምክር ቢነገር ጣቢያው እንዳይጠየቅ ነው፤ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ክርክር አትግጠሙ፤ ሥራውን ለሁለት ክፈሉላቸው። የመድኃኒት ስም፣ መጠን፣ ማቆምና መቀየር የሚመለከት ማንኛውም ጥያቄ ወደ ባለሙያው 3 ደቂቃ ብቻ ይሄዳል፤ ይህም ተቀድቶ ኃላፊው ቀድመው ያዳምጡታል። አዘጋጁ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር በወረቀት ፊቱ ይለጠፍለት፦ «ይህን ለባለሙያችን አቆየዋለሁ፤ እስከዚያው ከሚያክምዎ ሰው ጋር ሳይነጋገሩ መድኃኒትዎን አያቁሙ።» የቀረው፣ ማለትም ኑሮው፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ፣ መገለሉ፣ ከአባሎቻችሁ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ሁለት የሙከራ ዝግጅት ሠርታችሁ፣ አንዱን በሐኪም መሪነት አንዱን በእናንተ፣ ለኃላፊውና ከጣቢያው ውጪ ላሉ አምስት አድማጮች አሰሙ። ከዚያ አድማጮቹን ከየዝግጅቱ ምን እንደሚያስታውሱ በሦስተኛው ቀን ጠይቋቸውና መልሳቸውን ለኃላፊው ውሰዱላቸው።