ጥቆማ፦ ሴልቲክ የገና ሙዚቃ ለመስማት ከየት ይጀመር?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ደብሊን ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። የፈረንጆቹ በዓል ሲቃረብ ሱቁም አውቶቡሱም በአንድ ዓይነት ዘፈን ተሞላ። እኔ የምፈልገው የአገሩን፣ ሴልቲክ የሚሉትን የገና ሙዚቃ ነው። ስልኬ ላይ ስፈልግ ግን ሁሉም አንድ መሰለኝ። የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ገና አሳልፌያለሁ፤ ይህ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም፤ ቢረዝምብህ ታገሠኝ።

ሴልቲክ የሚሉት የአየርላንድን፣ የስኮትላንድንና የዌልስን የመሰለውን የቆየ ባህል ነው። ስልክህ የሚደረድርልህን ቅልቅል መጀመሪያ ተወው። «ሴልቲክ» የሚል ስም የተለጠፈበት፣ ውስጡ ግን ኪቦርድ ብቻ የሆነ፣ ማን እንደተጫወተው እንኳ የማይገልጽ ሞልቷል። የእኔ መለያ ቀላል ነው፦ የተጫዋቾቹ ስም ከሌለ አልሰማውም። በዚህ ብቻ ግማሹ ይራገፋል።

አንድ አልበም ብቻ ምረጪ ብትለኝ ቺፍተንስ የተባለው የአየርላንድ ባንድ ያወጣውን «ዘ ቤልስ ኦፍ ደብሊን» ነው የምልህ። የወጣው በ1991 ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የምትሰማው የክራይስት ቸርች ካቴድራልን ደወል ነው፤ መሐል ከተማ ስታልፍ የምታየውን ማለቴ ነው። ከደወሉ ቀጥታ ወደ ጭፈራ ዜማ ይገባል። እንግዳ ዘፋኞች በየተራ እየገቡ ይዘፍኑበታል፤ እኔ የምደጋግመው ናንሲ ግሪፍዝ የዘፈነችውን የዌክስፎርድ መዝሙር ነው። አንዳንዱ እንግዳ ከአየርላንድ ዜማ ራቅ ይላል፤ ፈረንሳይኛም አለበት። አልበሙ ግን አይበተንም፤ ባንዱ በ1962 የተቋቋመ ነውና የመጣውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል።

እዚያ ውስጥ የሰው እንጉርጉሮ የሚመስል መሣሪያ ትሰማለህ። ኢለን ፓይፕ ይባላል፤ ስሙ «ክርን» ከሚለው የአይሪሽ ቃል የመጣ ነው። የባንዱ መሥራች ፓዲ ሞሎኒ ይጫወት የነበረው እሱን ነው። እኔ በቅርብ ያየሁት ስሚዝፊልድ ያለው ኮብልስቶን የሚባል መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ጾም ላይ ስለነበርኩ ሻይ ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። ተጫዋቹ አጠገቤ ተቀመጠና በቀኝ ክንዱ ሥር የአንጥረኛ ወናፍ የምትመስል ትንሽ ወናፍ በቀበቶ ታጠቀ፤ ከረጢቱን በግራ ብብቱ ያዘ፤ ጭኑ ላይ ቁራጭ ቆዳ አነጠፈ። በአፉ አይነፋም። ክርኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አየሩ ይገባል፤ የቧንቧውን ጫፍ ቆዳው ላይ ሲደፍነው ድምፁ ቁርጥ ይላል፤ ሲያነሣው ይቀጥላል። ከሥር ደግሞ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይጎተታል። የበገናን እዝታ የለመደ ጆሮ ያን ድምፅ ቶሎ ይቀበለዋል። ከዚያ ምሽት በኋላ አልበሙን ስሰማ የሰውዬው ክርን ይታየኛል።

ኮብልስቶን የሚጫወቱበት ጥግ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የምትጠጣውን ትከፍላለህ፣ አለቀ። ቀዩ ሉዋስ፣ የከተማው ባቡር፣ ስሚዝፊልድ ያወርድሃል። ሲጫወቱ ግን ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው፤ ስልክ አውጥቶ ከመቅረጽ በፊትም መጠየቅ ጥሩ ነው። አንድ ዓመት «የሴልቲክ የገና ምሽት» ተብሎ ውድ ትኬት ቆርጬ ገብቼ ነበር፤ ቦታውን አልጠራም። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበሳል፣ ግማሹ ዘፈን ደግሞ ሱቅ ውስጥ የምንሰማው ነበር። በጣም አዝኜ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ማን እንደሚጫወት ጠይቅ።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። በደቡብ ዌክስፎርድ ኪልሞር የምትባል መንደር አለች። ሉክ ዋዲንግ የተባለ ጳጳስ በ1684 የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1728 ደግሞ ዊልያም ዴቨሮ የተባለ ቄስ ሌላ ስብስብ አዘጋጀ። ኪልሞር ውስጥ እነዚያ መዝሙሮች እስከዛሬ በገና ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ይዘመራሉ። አዘማመሩን ልብ በል፦ ስድስት ወንዶች ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን አንድ ቤት ይላል፣ ሌላው ወገን ቀጣዩን ይቀበላል። መሣሪያ የለም። ዜማው ዝግ ያለና ረጅም ነው። በማሕሌት ቀኝና ግራ ቆመው ሲቀባበሉ ሌሊቱን ላነጋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ቆሜ ነው የጨረስኩት።

በቀረጻ ከፈለግህ ካትሪና ኦሊሪ በ2014 «ዘ ዌክስፎርድ ካረልስ» ብላ አውጥታዋለች፤ ሮዛን ካሽ፣ ሪያነን ጊደንስና ቶም ጆንስ አብረዋት ዘምረዋል። መሣሪያ ስለገባበት ከመንደሩ አዘማመር ይለያል፤ ለጀማሪ ግን ይቀልላል። ስሙ እንዳያምታታህ፤ ናንሲ ግሪፍዝ የዘፈነችው የዌክስፎርድ መዝሙር ሌላ ነው፤ እሱ የኤኒስኮርቲ መዝሙርም ይባላል።

ለሌሊት፣ ብቻህን ስትሆን፣ የካናዳዊቷን የሎሪና መከኒትን የ1987 አልበም «ቱ ድራይቭ ዘ ኮልድ ዊንተር አዌይ» ስማ። ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ ሊምሪክ ያለው የግሌንስታል ገዳም ነው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ድምፅ ሲመልስ ይሰማል። ብዙ ሰው የአየርላንዷን ዘፋኝ ኤንያን ይጠቁምሃል። የ2008ቱ «ኤንድ ዊንተር ኬም» ያምራል፤ በአይሪሽ ቋንቋ የዘፈነችው «ጸጥተኛ ሌሊት»ም ልብ ይነካል። ግን የራሷ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ የአገሩ የቆየ አዘማመር ይህ ነው ብለህ እንዳትወስደው።

ከአየርላንድ ውጪ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች በገና እኩለ ሌሊት ቅዳሴ «ታላህ ክሪስታ» ይዘመራል፤ እመቤታችን ለልጇ የምትለው እሹሩሩ ነው፣ በጌሊክ፣ በስኮትላንድ የቆየ ቋንቋ። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ፕለጋይን የሚባል የገና አዘማመር አለ። ጥንት የገና ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሚዘመረው። መድረክ መሪ የለም፤ ቤተሰቡ ወይም ጓደኛሞቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደፊት ይመጣሉ፣ ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ፣ ዝም ብለው ይመለሳሉ። የሚያጨበጭብ የለም።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሳልገዛ ቀድሜ የምሰማበት ቦታ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ እንጂ። ሜሪየን ስኩዌር 73 ቁጥር የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ መዝገብ ቤት አለ። በ1987 የተቋቋመ ነው፤ በነጻ ነው፤ ቀረጻውንም መጽሐፉንም እዚያው ትሰማለህ፣ ታነባለህ። የምትፈልገውን ስም ጽፈህ ሂድ፤ ሠራተኞቹ ያግዙሃል። ለበዓሉ ሰሞን የሥራ ሰዓታቸውን ቀድመህ ተመልከት። ሬዲዮ ከሆነ ራዲዮ ና ጌልታክታ አለ፤ ንግግሩ በአይሪሽ ነው፣ ቋንቋው ባይገባህም ዜማው ይገባሃል።

ሌላ አስተያየት፦ እህቴ፣ እኔ ቤት ሕፃናት አሉ። ለእነሱ የሚሆን የቱ ነው? «ፌሪቴል ኦፍ ኒው ዮርክ»ን ሁሉም ያወራለታል።

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ እሱን ለልጆች አላደርገውም። በ1987 የወጣ ትልቅ ዘፈን ነው፤ የስደተኛን ሕይወትም በእውነት ይናገራል፤ ግን ባልና ሚስት መስለው በስድብ የሚናከሱበት ነው። ለልጆች ሴልቲክ ዉመን የተባሉት ሴት ዘፋኞች በ2006 ያወጡትን የገና ኮንሰርት ክፈቺላቸው፤ እዚሁ ደብሊን፣ ሄሊክስ የተባለው አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ለእኔ ትንሽ ያብረቀርቃል፤ የእህቴ ልጆች ግን ከቴሌቪዥኑ አይነሡም።

ታኅሣሥ 26 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዲንግል ከተማ የሚኖር ወዳጅ ካላችሁ ሂዱ። በአንዲት ትንሽ ወፍ ስም የሚከበር ቀን ነው፤ የገለባ ልብስ ለብሰው በከበሮና በዋሽንት መንገዱን ይሞሉታል። ጃንዋሪ 6 ደግሞ የሴቶች ገና የሚሉት ነው፤ የአገሬው ሴቶች የቤቱን ሥራ ለወንዶቹ ትተው ይወጣሉ። ያ ዕለት ለእኛ ገሃድ ነው፤ ማታውን ማሕሌት አለ። እኔ በየዓመቱ ቀን ላይ የኪልሞሩን እሰማና ነጠላዬን ይዤ እወጣለሁ።

ወንድሜ፣ የካትሪና ኦሊሪ ሲዲ እኔ ጋ አለ። ቤተ ክርስቲያን ከመጣህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ላውስህ እችላለሁ፤ እስከ ጥምቀት ብቻ መልስልኝ።