ቴከን 8፦ ከ7 ለሚመጣ ተጫዋች ምን ተለወጠ? ሂት መቼ ይውጣ?

ቦሌ_ጆይስቲክ

ሰላም የጌም ወዳጆች። የድብድብ ጌሙ ቴከን 8 ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ግራፊክሱን ሁላችንም አይተናል፣ አሁን ስለ ጨዋታው ራሱ እናውራ። ከቴከን 7 ለሚመጣ፣ በተለይ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ተጋጣሚው ሲስት መቅጣት ለለመደ ሰው ምን ተለወጠ? ሂትን (ለአጭር ጊዜ ጥቃትህን የሚያጠነክረውን ልዩ ሁኔታ) መቼ ማውጣት ነው የሚያዋጣው? ካዙያ የሚባለውን ካራክተር ለሚይዝ ሰው የተለየ ምክር ካላችሁ ጨምሩበት። ደግሞም 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር በደንብ ይሄዳል?

ጃብ_አስር

ወንድሜ፣ ትልቁ ለውጥ ጨዋታው ለአጥቂ ማድላቱ ነው። አሁን አንዳንድ ከባድ ምቶችን ብሎክ ስታደርግና አየር ላይ በኮምቦ (በተያያዙ ምቶች) ስትመታ ከምታጣው ደም (የሕይወት መለኪያ) የተወሰነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያ ነጭ ክፍል የሚመለሰው አንተ ስትመታ ብቻ ነው፤ ተጋጣሚህ ብሎክ ቢያደርገውም ትንሽ ትንሽ ይመለስልሃል። እየሸሸህ ከቆየህ ግን እዚያው ይቀራል። 7 ላይ ርቀት ጠብቆ መጠበቅ ምንም አያስከፍልም ነበር፤ እዚህ ያስከፍላል።

ሂት በአንድ ራውንድ አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው፣ የሚቆየውም 10 ሰከንድ ነው። ወደ ሂት የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው፣ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው። አንደኛው ሂት በርስት ነው፦ የፕሌይስቴሽኑ ትሪያንግልና ኤክስ ቁልፎች አንድ ላይ። ሃይና ሚድ (የላይና የመሃል) ምት እየተቀበለ ስለሚያልፍ ተጋጣሚህ አስጨንቆ ሲይዝህ ያስተነፍስሃል። ሎው (የታች ምት) እና ግራብ (ይዞ መጣል) ግን ያከሽፉታል፣ ስለዚህ ከሩቅ የነቃ ሰው ላይ አትጣለው። ሁለተኛው ሂት ኢንጌጀር ነው፦ እያንዳንዱ ካራክተር የተወሰኑ ምቶች አሉት፣ ካረፉ በቀጥታ ሂት ውስጥ አስገብተው ወደ ተጋጣሚው ያስሮጡሃል፣ 17 ፍሬም (አንድ ፍሬም የሰከንድ 1/60 ነው) ቅድሚያም ይሰጡሃል። የምትይዘውን ካራክተር ኢንጌጀሮች ሙቭ ሊስቱ (የምቶቹ ዝርዝር) ላይ ምልክታቸውን አይተህ መጀመሪያ አጥና፤ ኮምቦ ከማጥናትህ በፊት ማለቴ ነው።

ከገባህ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ወዲያው ሂት ስማሽ (ከባዱን የሂት ምት) መልቀቁ ላይ ነው። ሂት ስማሽ የቀረውን ሁሉ ይበላዋል። ሂት ውስጥ እያለህ ምትህ ብሎክ ቢደረግም ደም ይቀንሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በዚህ አስጨንቀው፤ ስማሹን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወይም በእርግጠኝነት በሚያርፍበት ቦታ አውጣው። ሂት ዳሽም አለ፦ ሂት ውስጥ ሆነህ ኢንጌጀር ስትመታ ወደ ፊት ይዘህ ትሮጣለህ። ካረፈ ኮምቦ ነው፣ ብሎክ ቢደረግም ቀድመህ የምትጀምረው አንተ ነህ። እሱም የቀረውን ሂት ይጨርሳል።

ዌቭዳሽ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ስለ 10 ሰከንዱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ምቱ ሲያርፍ ቆጠራው ይቆማል። ስለዚህ «ብሎክ አድርጌ አሳልፈዋለሁ» ብሎ ቁጭ የሚል ሰው ከ10 ሰከንድ በላይ ነው የሚደበደበው። ጨዋታው ለአጥቂ ስላደላ መከላከል ሞቷል የሚሉ አሉ፤ በዚህ ግን አልስማማም። የሞተው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ወደ ጎን መውጣት ከ7 የተሻለ እንኳ ባይሆን አሁንም ቀጥታ የሚመጣን ሂት ዳሽ ከመጠበቅ ይበልጣል፤ ወሳኙ ነገር ምቱ ከመጀመሩ በፊት መውጣት ነው።

ቅጣቱንም ተማር። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ነው፣ ፈጣኑ ጃብ (አጭር ቡጢ) 10 ፍሬም ይፈጃል። ብሎክ ያደረግኸው ምት ተጋጣሚህን 10 ፍሬም ካስዘገየው ስኩዌር፣ ትሪያንግል ብለህ ትቀጣዋለህ፣ ሊያመልጥ አይችልም። ፕራክቲስ ውስጥ የቅጣት ልምምድ አለ፦ የሚያስቸግርህን ካራክተር ምረጥ፣ ምቶቹን በየተራ ይወረውርልሃል። ከዚያ የተሸነፍክበትን ሪፕሌይ (የፍልሚያውን ቅጂ) ክፈት። ሪፕሌዩ «እዚህ ጋ መቅጣት ትችል ነበር» እያለ ያሳይሃል፣ ከፈለግክም እዚያው ቆርጠህ ካራክተሩን ራስህ ትይዘዋለህ። በእኔ አስተያየት የዚህ ጌም ምርጥ ነገር ይሄ ነው፤ አሰልጣኝ አጠገቡ ለሌለው ሰው ወርቅ ነው።

ካዙያን በተመለከተ፦ ኤሌክትሪኩ (ኤሌክትሪክ ዊንድ ጎድ ፊስት የሚባለው ቡጢው) ያው ነው። ወደ ፊት፣ ልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ሰያፍ ታችና ትሪያንግል በአንድ ፍሬም። ከተሳካ ብሎክ ቢደረግም 5 ፍሬም ቀዳሚ ነህ፤ ትሪያንግሉ አንድ ፍሬም ከዘገየ ተራው ዊንድ ጎድ ይወጣና 10 ፍሬም ታጣለህ፣ ትቀጣለህ። ብዙ ሰው የሚስተው ትሪያንግሉን ቀድሞ በመጫን ሳይሆን ዘግይቶ በመጫን ነው። ሁለቱም ሃይ መሆናቸውን አትርሳ፣ ያጎነበሰ ሰው ያልፋቸዋል። ሄልስዊፑን (እግር የሚጠርገውን የታች ምት) ደግሞ አታብዛው፣ ብሎክ ከተደረገ ወደ አየር የምትነሳው አንተ ነህ።

ሚኒ_ፒሲ

ለኮምፒውተሩ ጥያቄ፦ 1050 ቲአይ ከ8 ጊጋ ራም ጋር ዝቅተኛው መስፈርት ነው፤ የሚመከረው 2070 ግራፊክስ ካርድ እና 16 ጊጋ ራም ነው። ቦታ 100 ጊጋ ይፈልጋል። ልብ ማለት ያለብህ ነጥብ ይሄ ነው፦ ከ60 ፍሬም ከወረደ ጌሙ ራሱ ይዘገያል፣ ቁልፍ የምትጫንበት የለመድከው ጊዜ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ መልኩን ሠዋው። ሁሉን ነገር ሎው፣ ሪዞሉሽኑን ወደ 720 አውርድ፣ አፕስኬሊንግ (ዝቅ ያለውን ምስል አሳድጎ የሚያሳየውን) አብራ፣ ጥላና ኢፌክት መጨረሻ ድረስ ቀንስ። በኤስኤስዲ ላይ ጫነው፤ በድሮው ሃርድ ዲስክ ከጫንክ ሎዲንግ ላይ ተጋጣሚህን ታስጠብቃለህ። ቲቪ ላይ የምትጫወት ከሆነ ጌም ሞዱን አብራ፣ አለበለዚያ የተጫንከው ቁልፍ ዘግይቶ ይደርሳል።

ፒኤስ4 ላይ አልወጣም፤ ፒኤስ5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስና ኮምፒውተር ብቻ። ጌም ቤት ያላችሁ ይህን ሳታውቁ ዲስክ እንዳትገዙ።

ቦሌ_ጆይስቲክ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኦንላይኑስ? ኤዲስ የለም እንዴ?

ጃብ_አስር

ኤዲ ጎርዶ ጌሙ ሲወጣ ከነበሩት 32 ካራክተሮች ውስጥ አልነበረም፣ በኋላ በክፍያ ከተጨመሩት የመጀመሪያው እሱ ነው። አዲስ የገቡት ቪክቶር፣ ሬይናና ፔሩያዊቷ አዙሴና ናቸው፤ አዙሴና ቡናዋን እያሞገሰች የምትደባደብ ስለሆነች እኛ አገር ወዳጅ አታጣም።

ኦንላይኑ ሮልባክ (የግንኙነት መዘግየትን በግምት ሸፍኖ ኋላ የሚያርም ዘዴ) ነው፣ ከ7 በጣም ይሻላል፣ ርቀትን ግን አያጠፋም። ፍልሚያውን ከመቀበልህ በፊት የተጋጣሚህን የግንኙነት ጥራትና በዋይፋይ ይሁን በኬብል መጫወቱን ተመልከት። ዋይፋይ ላይ ፒንጉ (የግንኙነቱ መዘግየት) ዝቅ ብሎ እንኳ ድንገት ይዘላል፣ ካራክተሩ ከቦታ ቦታ ሲፈናጠር የምታየው ለዚያ ነው። አንተም ብትችል ከራውተሩ በኬብል ተያያዝ። ግንኙነቱ መጥፎ በሆነበት ቀን ጎስት ባትል አለ፦ የአጨዋወትህን ዘይቤ የተማረ ጎስት ስለሆነ ሎው የምትወረውርበትን ሰዓት ሳይቀር ይቀዳል። ከራስህ ጎስት ጋር ግጠም፣ በየትኛው ምት ደጋግሞ እንደሚጀምር አስተውል፤ ተጋጣሚዎችህም የሚያነቡህ በዚያው ነው።