የ7ኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በእርግጥ ምን ይማራል?

የተማሪ እናት፣ ባሕር ዳር

ልጄ እዚሁ ባሕር ዳር 7ኛ ክፍል ትማራለች። ትናንት ማታ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ገልጬ ስመለከት ከመስከረም ጀምሮ የተጻፈው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሰሌዳ የተገለበጠ የሰዋስው ሕግና «ክፍት ቦታውን ሙሉ» የሚል መልመጃ ሆኖ አገኘሁት። አብዛኛውን በትክክል ሠርታዋለች፤ መምህሯም በቀይ እስክሪብቶ አርመውላታል። ነገር ግን «ዛሬ ትምህርት ቤት የዋልሽውን በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» ብላት ሁለት ዓረፍተ ነገር አስከትላ መናገር አልቻለችም፤ ዐይኗ እንባ ሲያቀርር ጥያቄውን ተውኩት። በሚቀጥለው ዓመት ክልላዊ ፈተና አለባት፤ 9ኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ማወቅ ያለባት ምንድን ነው? እኔስ በቤት ውስጥ ምን ላግዛት?

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር

እህቴ፣ መጽሐፉን ብትመለከቺው ምዕራፎቹ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብን፣ ቃላትን፣ ሰዋስውንና መጻፍን ይዘዋል። ፈተናው ግን ምርጫ ስለሆነ፣ ክፍሉም በተማሪ የተጨናነቀ ስለሆነ፣ መናገሩና መጻፉ እየተዘለለ ሰዋስው ብቻውን ይቀራል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁና ይህን የምጽፈው በጸጸት ነው።

ሰዋስው አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ልጆቻችን የሚሳሳቱት አማርኛቸውን ይዘው ስለሚሄዱ ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት በአማርኛ ምንም ነውር የለበትም፤ ስለዚህ ልጁ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን «ትናንት» ከተባለ «አይ ሶው ሂም» እንጂ ሌላውን አይቀበልም። ጥያቄ ሲጠይቅም «የት ሄድክ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ዌር ዩ ዌንት» ይላል፤ እንግሊዝኛ በዚያ ቦታ «ዲድ» የሚል ረዳት ግሥ እንደሚፈልግ አማርኛው አያስታውሰውም። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየው ሰው ካለ ግን ልጁ በቶሎ ይይዘዋል።

ከሐይቁ ዳር ያደግሁ

ከመምህራችን በተጨማሪ የራሴን ላካፍል። 8ኛ ክፍል ሳለን አንዲት መምህርታችን ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ስድስት ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን። አብዛኞቻችን አባቶቻችን ሲሠሩ እያየን ስላደግን ነገሩን እናውቀዋለን፤ የጎደለን እንግሊዝኛው ብቻ ነበር። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ነዶ ነዶ ሆኖ ይታሰራል። እኔ «ማይ ፋዘር ካትስ» ብዬ ስጀምር መምህርታችን አጠገቤ ቆመው «አጫጁን ተይውና ስለ ደንገሉ ጻፊ፤ ‹ዘ ፓፒረስ ኢዝ ከት› በይ» አሉኝ። ተገብሮ ግሥ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። 9ኛ ክፍል ገብቼ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስገልጥ ውሃው «ይሞቃል»፣ ጨዉ «ይጨመራል» እያለ የሚሄደው በዚያው አሠራር ነበር፤ አልደነገጥኩም። እርስዎም ልጅዎ በእጇ የምትሠራውን ነገር እንድትጽፍ ያድርጉ።

የሁለት ልጆች አባት

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ፈተናውን ማቃለል አይገባም። 8ኛ ክፍልን ያላለፈ ልጅ 9ኛ ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችንም በየሳምንቱ ብትሠራ መልካም ነው።

የተማሪ እናት፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ከሰዓት ቡና ስናፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ደብተሯን ይዛ እንድትቀመጥ አደረግሁ። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል እያልን አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ሦስተኛው ላይ «ዘ ኮፊ ሮስትድ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ጀበናውን እስክጥድ ድረስ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና ማንም ሳይነግራት በመካከሉ «ኢዝ» ጨመረችበት። ነገ ደግሞ ስለ ዓሣ ጥብስ ልጽፍ ብላኛለች።